የጠራጊዋ ምርጫ

«የመጀመሪያው ፊልምዎ ይበልጣል!» አለ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ።

«አዲሱ ይበልጣል አልኩህ! የሠራሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ዝነኛው ዳይሬክተር ልዑልሰገድ። ክርክሩ አልበርድ ሲል አዳራሹን ወደምትጠርገው ሴት ዞረ። «አንቺ ሁሉንም ታውቂያለሽ፤ እስቲ ፍረጂ። ከተሳሳትሽ ግን ከነመጥረጊያሽ ነው የማስባርርሽ!»

ሥራ አስኪያጁ አቀረቀረ። ሴትየዋ ትንሽ አሰበች።

«አዲሱ ይበልጣል፣ ጋሼ።»

«ሰማህ?» አለ ልዑልሰገድ ደረቱን ነፍቶ።

«በመጀመሪያው ፊልምዎ ሰዉ አፉን ከፍቶ ሲያይ ፈንዲሻው ከእጁ እየፈሰሰ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ እጠርግ ነበር። በአዲሱ ግን እግዜር ይስጥዎት፤ ሰዉ አንዲት ፍሬ ሳያስተርፍ በልቶ፣ ፊልሙ ሳያልቅ ይወጣልኛል።»

ልዑልሰገድ ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ።