ጅብ ያበደረው ገብስ

ተረቴ መጥታለች፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ስጧት። ተቀመጠች? እሺ።

በድሮ ጊዜ አንድ አህያ ነበረ። ዝናብ ቀረና እርሻው ደረቀበት። ከእመት አይጥ ሽንብራ ተበደረ። ከእመት ጦጣ ማሽላ ተበደረ። ከአያ ጅቦ ገብስ ተበደረ። ጅብ ገብስ አይበላም። ታዲያ ለምን ያበድራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የራበው ምን ይጠይቃል!

በዓመቱም ዝናብ ቀረ። አይጥ መጣች፤ «ሽንብራዬን!» አለች። «የለኝም» አላት። ጦጣ መጣች፤ «ማሽላዬን!» አለች። «የለኝም» አላት። አያ ጅቦ መጣ፤ «ወንድሜ፣ ገብሱን ተወው። አንድ እግርህን ስጠኝና እንታረቅ» አለ።

አህያ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ባለዕዳና አበዳሪ ዳኛ እስኪያያቸው በቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አያ ጅቦ ገመዱን ይዞ ነው የመጣው። አንዱን ጫፍ በራሱ ወገብ፣ አንዱን በአህያ አንገት አሰረና «በል፣ አብረን እንደር» አለ።

አህያ ሳይመሽ ጅቡን እየጎተተ ወደ ዳኛው ወደ ኤሊ ሮጠ። አይጥና ጦጣም ተከተሉ።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ከስሬያለሁ! መክፈል አልችልም፣ ያድኑኝ!»

ኤሊ ቀስ ብሎ አንገቱን አወጣ። «ያለህን ሁሉ ተናገር። አንዲት ፍሬ ከደበቅህ ከነገመድህ ከጅቡ ጋር ትሄዳለህ። ካልደበቅህ ግን ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይነካህም።»

«ግማሽ ጆንያ ገብስ። አንድ መጫኛ» አለ አህያ። ዳኛው አንገቱን ወደ አህያ ጆሮ አሰገገ። አህያ ከጆሮው ውስጥ አንዲት ባቄላ አወጣና አስቀመጠ።

«ገብሱን ሦስታችሁ ተካፈሉ። ባቄላዋ ለአይጥ። መጫኛው ይቅርለት፣ በምን ሠርቶ ይበላል? የቀረው ዕዳ ተሰርዟል» አለ ኤሊ።

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ደብቋል! አራት እግር እያለው አንዱንም አልተናገረም!»

አህያ ወደ ታች ተመለከተ። እውነትም አራት ናቸው። 

ኤሊ አሰበ። ኤሊ ሲያስብ ይቆያል። በመጨረሻ «የጠየቅኩት ሀብቱን ነው። እግሩ ሀብቱ አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው። ገመዱን ፍታ» አለ።

ጅብ በገዛ ጥርሱ ቋጠሮውን ፈታ። አህያ መጫኛውን ይዞ ሄደ። አያ ጅቦ የድርሻውን ገብስ ታቅፎ ቆመ።

«ካልበላኸው ለኔ አበድረኝ» አለችው አይጥ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የከሰረ ሰው ያለውን ይስጥ፤ እሱን ራሱን ግን ማንም አይውሰደው። እኔም የነበረኝን ተረት ሰጥቻችኋለሁ፤ ዕዳ የለብኝም።