የቧንቧው ምረቃ

ዳገት ላይ በሰፈረች አንዲት ቀበሌ ቧንቧ ቢተከልም ውሃው አልመጣ አለ። የምረቃው ቀን ሲቃረብ ሊቀመንበሩ ይርሳው ጨነቀው። የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቦ ሦስት ቀን ሙሉ ከወንዝ በጀሪካን እያስቀዳ የቧንቧውን የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ አስሞላ። ከተሸካሚዎቹ አንዷ ምላሷ የማያርፍ ባልቴት ነበረች።

በምረቃው ዕለት የዞኑ ኃላፊ መጥተው ሪባኑን ቆረጡ። ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው ተንፎለፎለ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ባልቴቷ ግን ሳታጨበጭብ ወገቧን ይዛ ቆመች። ኃላፊው አይተዋት፣

«ምነው እማማ፣ ደስ አላለዎትም? እስቲ ለካሜራው ይናገሩ፤ ልማቱ ምን ለወጠልዎት?» አሏት።

ይርሳው ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ «ምስጋና ብቻ! አንዲት ቅሬታ ብትተነፍሺ ከእርዳታ እህሉ መዝገብ ትሰረዣለሽ» አላት።

ባልቴቷም እጅ ነስታ፣

«እግዜር ይስጥልን ጌታዬ፣ ምን ቅሬታ አለኝ! ድሮ ውሃ የምንቀዳው ለራሳችን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ለቧንቧውም መቅዳት ጀምረናል። ብቻ ሁለተኛ የሚተክሉልን ከሆነ ወንዙ ዳር ይሁንልን፤ ይሄኛውን ለማጠጣት ዳገቱ ገደለን» አለች።