ከመጋረጃ ጀርባ የተደበቀችው ጽጌረዳ

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን አባባል ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ የሰማ ሰው ሐኪም የፈጠራት ይመስለዋል። እኛ ደሴ፣ ግቢያችን ውስጥ ግን የምትነሣው በጣሳ ከተተከለች አንዲት ጽጌረዳ ጋር ነው። ሌላ አገር ሌላ ታሪክ ካላት አልከራከርም፤ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የሺመቤት የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችን። ባሏ ጥላዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የፍቅር ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ብቻ አንድ ክረምት ከሥራ ሲመለስ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣና በዘይት ጣሳ ተክሎ በሯ ላይ አስቀመጠላት። ለምን እንዳመጣት አልተናገረም፤ ውሃ ሳያጠጣት ግን አይተኛም። ልጅ አልነበራቸውም። እሱ ሲሞት ለየሺመቤት የቀረቻት ይህችው ጣሳ ናት።

ትርንጎ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ ጨዋታ የምትወድ፣ ያየችውን ሳትናገር የማታልፍ። አንድ ቀን ጽጌረዳዋ አብባ ብታያት ቆማ ውበቷን አወራች፣ ሽታዋን አወራች፤ «ከዓይን ያውጣት» ማለቱን ግን ረሳችው። ብዙም ሳይቆይ ለጋው ቅጠል ይኮማተር፣ እንቡጡም ሳይፈነዳ ይጠወልግ ጀመር።

የሺመቤት ምን ታስብ? እንደ ማናችንም አሰበች፤ ዓይን በላት አለች። ለማንም ሳትናገር ጣሳዋን አንሥታ ቤት ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ሸሸገቻት። ትርንጎንም ከእግዜር ሰላምታ በቀር ቃል ነፈገቻት። ትርንጎ ምን እንደበደለች ሳታውቅ ተጨነቀች። ጽጌረዳዋ ደግሞ ብርሃንና ነፋስ አጥታ ጭራሽ ባሰባት።

የግቢያችን ሽማግሌ ጋሽ ይመር አንድ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ፣ ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ በየሺመቤት በር ሥር ሲገባ አዩ። ስኳር ፈስሶብሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ አልፈሰሰም አለች። ሰልፉን ተከትለው ገብተው መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉ ጽጌረዳዋን አገኙ። ከኛ ውስጥ ተክል የምታውቅ ትርንጎ ናት፣ ትምጣና ትያት አሉ። የሺመቤት እንባዋ መጣ።

«እሷን አይጥሩብኝ፣ ጋሼ። ያደረቀቻት እሷ ናት፤ ዓይኗ ነው።»

ትርንጎ የሽማግሌውን ድምፅ ሰምታ መጥታ ኖሮ ከደጃፉ ቆማለች። ሁሉንም ሰማች። ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ብሆን ተመልሼ በሬን እዘጋ ነበር። እሷ ግን ገባች፣ ጣሳዋን ታቅፋ ወደ ብርሃን አወጣችና አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። ጀርባውን አረንጓዴ ጥቃቅን ተባይ ወርሶታል፤ ቅጠሉ ሁሉ ይጣበቃል። ጉንዳኖቹ የሚመላለሱት ተባዩ የሚተፋውን ጣፋጭ ሊልሱ ኖሯል።

«ክሽክሽ ነው፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ነይ እዪው፣ ይሄዳል። የኔ ዓይን እግር የለውም።»

የሺመቤት ጎንበስ ብላ አየች። አየችና አንገቷን ደፋች።

ትርንጎ መርዝ እንግዛ አላለችም። የባሰባቸውን ጫፎች ቆርጣ ጣለች፣ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ሳሙና በጠበጠች፣ በጨርቅ እየነከረች የየቅጠሉን ጀርባ ጠረገች፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀቻት። የሺመቤትም ሌላ ጨርቅ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ተባዩ አንድ ጊዜ ተጠርጎ የሚተው አይደለምና፣ ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ቀኑ ሁለቱ ደጅ ተቀምጠው ሲጠርጉ እናያቸው ነበር። የሺመቤት ስለ ጥላዬ ማውራት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ያች ለፍላፊ ትርንጎም፣ ማን ያምናል፣ ዝም ብላ ታዳምጣት ነበር።

ጽጌረዳዋ ለጋ ቅጠል ያወጣች ለት የሺመቤት ጋሽ ይመር ባሉበት ትርንጎን ይቅርታ ጠየቀች።

«በሆዴ ይዤው አንቺንም እሷንም ላጣ ነበር» አለቻት።

«እኔም ምን ሆንሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች ትርንጎ፣ አቅፋት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ደግ ልቅሶ ነበር። ሽማግሌው እስኪወጣላቸው ጠበቁና፣ «በሉ እንግዲህ ልጆቼ፣ ለሌላው ጊዜ ዕወቁት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ።