ነጩ ቦታ

አንድ ሰው ነበረ። ትርሲት፣ «መጽሔቴ እንዳትዘጋ አንዲት ገጽ ለሹማምንቱ ብለቅላቸው ምን አለበት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ተማሪዬ ሳለሽ አደርግ እንደነበረው በምሳሌ ልመልስልሽ፤ እስክጨርስ ግን አታቋርጪኝ።

ሰውየው የቀልድ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በዚያ ዘመን ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በአንድ መርማሪ ሹም እጅ ያልፋል። ሹሙ ያልወደደውን በቀይ ይሰርዛል። ሌሎች አዘጋጆች የተሰረዘውን ቦታ በማስታወቂያ ወይም በአበባ ሥዕል ይሸፍኑታል። ይህ ሰው ግን ቦታውን ነጭ እንደሆነ ትቶ ያሳትመው ነበር። አንባቢው መጽሔቷን ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈልገው ነጩን ቦታ ነው። በየመጠጥ ቤቱ «እዚህ ጋ ደግሞ ማን ነበር?» ይባባላል፤ ሁሉም የልቡን ይሞላበትና ይስቃል። ከተጻፈው ቀልድ ያልተጻፈው ይበልጥ ያስቅ ነበር።

ሹሙ ይህን ደረሰበት። ሞኝ አልነበረምና አዘጋጁን አላሰረውም፤ አስጠርቶ ወንበር ሰጠው።

«ወንድሜ፣ ወረቀት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ነው። ባዶውን ለምን ታባክነዋለህ? ሙላው። በምን እንደምትሞላው አንተ ታውቃለህ። መጽሔትህም ዕድሜ ታገኛለች» አለው።

አዘጋጁ መጽሔቷን ያዳናት መሰለው። ከጅምሩ አብሮት የነበረው ሰዓሊ ግን «ነጩን ቦታ ከሰጠኸው ምን ቀረን?» ብሎ ተቆጣ።

«ቀን እስኪያልፍ ያለፋል፤ ታገሥ» አለው አዘጋጁ።

ሞላው። አስፋልት መሻገር ባቃተው ባላገር ቀለደ፤ በነዝናዛ ሚስት፣ በዓይነ ስውር ለማኝ ቀለደ። ሰው ሳቀ። በደካማ መሳቅ ማንን ያቅተዋል! መጽሔቷ ወፈረች፤ ሰውየውም ወፈረ። በሹሙ ልጅ ሠርግ ላይ የፊት ወንበር ተሰጠው።

ሰዓሊው አልታገሠም። ሹሙ በቀይ እስክሪብቶው ጥርሱን ሲጎረጉር የሣለበት ወረቀት ቤቱ ተገኘና ሰዓሊው ተወሰደ። የት እንዳሰሩት ጠፋ። ሚስቱ አዘጋጁ እግር ላይ ወድቃ፣ «መጮህ ባይችሉ እንኳ ሰው ይወቅለት። ሰው ካወቀ አይገድሉትም» አለችው።

አዘጋጁ አለቀሰ። መጻፍ እንደማይችል ያውቃል፤ ግን የድሮው መንገድ ትዝ አለው። ሹሙ ረቂቁን ካሳለፈው በኋላ ማተሚያ ቤት ሄዶ የፊት ገጹን ሥዕልና ጽሑፍ አስነሣ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ቢሮው በር ላይ ብዙ ሰው ቆሞ አገኘ። ሁሉም መጽሔቷን ይዘዋል። «ገባቸው!» ብሎ ልቡ ዘለለ። ከፊት የቆመው ሰውዬ መጽሔቷን ዘረጋለት።

«ጌታዬ፣ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው መሰለኝ፣ ይቺኛዋ ሳትታተም ነው የወጣችው። እባክዎ ይለውጡልኝ።»

ሌሎቹም የመጡት ለዚያው ነበር። ሹሙ ራሱ አዘጋጁን አልቀጣውም፤ እሱም የማሽን ስህተት መስሎት ነበር። ሰዓሊው ከታሰረበት አልተመለሰም።

እንግዲህ ትርሲት፣ አዘጋጁ አንቺ ነሽ፤ ልልቀቅላቸው ያልሻት ገጽም ያቺ ነጭ ቦታ ናት። ብትለቂላቸው መጽሔትሽ ትኖር ይሆናል። አንባቢሽ ግን ዝምታሽን ማንበብ ይረሳል፤ ሰው ለማዳን የጠራሽው ቀን «ለውጪልኝ» ብሎ ይመልስልሻል። ምን አለበት ላልሽው ይሄ አለበት።

ለመሆኑ ያ ሥዕል የሚሠራልሽ ሰው፣ አግብቷል?