የጋሽ ይሁኔ ኪኒን

ተረት ልንገራችሁ? እንግዲያው አፍንጫችሁን ጥረጉና ስሙ።

በአንዲት የገበያ ከተማ ጋሽ ይሁኔ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንደበታቸው ማር ነው፤ ሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ምን ያደርጋል፣ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ አፍንጫቸው ምንጭ፣ ዓይናቸው በርበሬ ይሆናል። ዳማከሴ አሸተቱ፣ ነጭ ሽንኩርት አኘኩ፣ ወይ ፍንክች!

ይሄ ሁሉ ቀን እያለ ታዲያ ቀጠሮው ዛሬ ሆነ። የወንድማቸው ልጅ ልንገረው የውብዳርን ወዷል፤ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁለት ነው። አባቷ፣ ንብ አናቢው አቶ ቢያድግልኝ፣ ኮስታራ ናቸው።

"ጋሼ፣ እምቢ ካሉን አለቀልኝ" አለ ልንገረው።

"አይዞህ፣ አንዲት ኪኒን ብቻ ልዋጥና… ሃ… ሃጥሽ!"

"ይማርዎ!"

"ያኑርህ!" ብለው ወጡ።

ፋርማሲስቷን እታገኝን ከፋርማሲዋ ደጅ ቆማ አገኟት። "እታገኝ ልጄ፣ ያቺን ያለ ማዘዣ የምትሸጪያትን የአለርጂ ኪኒን ስጪኝ።"

"በየት በኩል ልግባ ጋሼ? አህያዋን አያዩም?"

አህያዋ ሳርና አደይ እንደተጫነች በሩ ላይ ተገትራለች። ገፏት፣ ለመኗት። "ውርንጭላዬን ሳላይ ንቅንቅ አልልም" አለች። በዚያ ዘመን የሚናገር አህያ ብርቅ አልነበረም። ዛሬም አለ፣ ስም አልጠራም።

ውርንጭላው እህል ሸትቶት ወፍጮ ቤት ገብቶ ተቆልፎበታል። ጋሽ ይሁኔ እዚያ ሄዱ። "ውርንጭላውን ልቀቀው፤ አህያዋ ከበሩ ትነሳ፣ እታገኝ ትግባ፣ እኔም ኪኒኔን ልዋጥ። ሃጥሽ!"

"ይማርዎ! ግን በሩን አልከፍትም" አለ ባለወፍጮው። "የሚያዞረው የቆዳ ቺንጋ ተበጥሶ ወፍጮዬ ቆሟል። ከከፈትኩ ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ይሄድብኛል። መጀመሪያ ቺንጋዬን ያሰፉልኝ።"

ቺንጋውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄዱ። "ቺንጋውን ስፋልኝ፤ ወፍጮው ይዙር፣ ውርንጭላው ይውጣ፣ አህያዋ ከበሩ ትነሳ፣ እታገኝ ትግባ፣ እኔም ኪኒኔን ልዋጥ። ሃጥሽ! ሃጥሽ!"

"ይማርዎ፣ አሁንም ይማርዎ! ክሬ ሰም ካልነካው እንዲህ ያለ ቆዳ አይሰፋልኝም። ሰም ደግሞ ያለው አቶ ቢያድግልኝ ጋ ብቻ ነው።"

"ወይኔ ይሁኔ! ጉዴ ፈላ!"

ቢቸግራቸው ሄዱ። አብረዋቸው ሊሸመግሉ የተቀጠሩት ሁለት ጓደኞቻቸው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ አቶ ቢያድግልኝ ጋቢ ደርበው መደባቸው ላይ ተኮፍሰዋል። "እባክዎ ትንሽ ሰም ይስጡኝ" አሉ ጋሽ ይሁኔ፤ "ክሩን ይንካው፣ ቺንጋው ይሰፋ፣ ወፍጮው ይዙር፣ ውርንጭላው ይውጣ፣ አህያዋ ከበሩ ትነሳ፣ እታገኝ ትግባ፣ እኔም ኪኒኔን ልዋጥ። ሃጥሽ!"

"ይማርዎ! ሰሙስ ነበረኝ" አሉ አቶ ቢያድግልኝ። "ግን ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል። ሽማግሌ መጥቶ ጉዳዩን ሳይናገር ከዚህ መደብ አልነሳም። ቁጭ ይበሉ።"

ጋሽ ይሁኔ ዋጥ አደረጉ፤ ምራቃቸውን እንጂ ኪኒኑንማ ከየት አምጥተው። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ እንደ ወጉ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጁት ያማረ ንግግር ግን ከራሳቸው ብን ብሎ ጠፋ። "ልጅዎን የውብዳርን… ለልጃችን ለልን… ሃጥሽ!… ለልንገረው ይስጡልን።" እንባቸው በጢማቸው ላይ ኮለል አለ።

አቶ ቢያድግልኝ ትክ ብለው አዩዋቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። "ስንት ሽማግሌ አይቻለሁ። ለወንድሙ ልጅ እንዲህ የሚያለቅስ ግን አላየሁም። ሰጥቻለሁ!"

ጋሽ ይሁኔ እልል ብለው መውጣት ሲችሉ ሆዳቸው እምቢ አላቸው። "አልዋሽዎትም፤ ያስለቀሰኝ ልንገረው ሳይሆን አደይ ነው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ክው አሉ። አቶ ቢያድግልኝ ግን መደቡ እስኪነቃነቅ ሳቁ። "እርስዎን ያስለቀሰ አበባ የእኔን ንቦች ያጠግባል። የማይዋሽ ዘመድ አገኘሁ፤ ደግሜ ሰጥቻለሁ!" ብለው ብድግ አሉ።

ሲነሱ ሰም ቆረጡ፣ ሰሙ ክሩን ነካ፣ ክሩ ቺንጋውን ሰፋ፣ ቺንጋው ወፍጮውን አዞረ፣ ወፍጮው ሲዞር በሩ ተከፈተ፣ ውርንጭላው ወደ እናቱ ፈረጠጠ፣ አህያዋ ከበሩ ተነሳች፣ እታገኝ ገባች፣ ጋሽ ይሁኔም ኪኒናቸውን ዋጥ!

"ኧረ ጋሼ፣ ሳልነግርዎ! እንቅልፍ ታመጣለች እኮ። ቁም ነገር ያለበት ሰው አይውጣትም" አለች እታገኝ።

ጋሽ ይሁኔ "ቀድሜ ውጫት ቢሆን ኖሮ ሽምግልናው ላይ አንኮራፋ ነበር!" ብለው ሲስቁ ዓይናቸው ተከደነ። አህያዋ ከሳሩ ጋር ደርባ ተሸክማ ቤታቸው አደረሰቻቸው።

ልንገረው ሮጦ ወጣ። "ጋሼ! ጋሼ! ሰጡን ወይስ ከለከሉን?"

"ሰጡኝ" አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ምኑን?"

"ኪኒኑን።"

ልንገረው መሬት ላይ ዘፍ አለ። ጋሽ ይሁኔ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ልጅቷንም" አሉና ማንኮራፋታቸውን ቀጠሉ።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ያስነጠሰውን ይማረው፣ ይማርህ ያለውንም ያኑረው።