ወይኒትና ሦስቱ ማጣሪያዎች

ጆሯችሁን አውሱኝ። እንስሳት የሚሸምኑበት፣ ጨርቅም አፍ አውጥቶ የሚናገርበት ዘመን ነበር።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ቁራ፣ አህያና ፍየል ተከታትለው ወደ ላሟ ወይኒት ቤት መጡ። ሦስት ሆነው ማልደው ሲመጡ ስታይ ገባት።

«ዳልቻ ነው?» አለች።

አህያ አንገቱን ደፋ። «አዎ፣ እመት ወይኒት። መዘውሩ ላይ እንዳለ ወደቀ፤ አልተነሳም።»

በሬው ዳልቻ ባሏ ነበር። ወፎች ጥጥ በሚሸምኑበት አዳራሽ መዘውሩን ይገፋል፤ መዘውሩ ማራገቢያውን ያዞራል፤ ማራገቢያው አየሩን በማጣሪያ ውስጥ ይስባል። የጥጡ ብናኝ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፤ ወፎቹም ደህና አየር ይተነፍሳሉ።

ሰልስቱ እንደ ወጣ የአዳራሹ አለቃ ዝንጀሮ መጣ። «ከነገ ጀምሮ ወንድሙ ቦቃ ይጠመዳል» አለ። ቦቃ ሚስትና ሁለት ጥጆች ነበሩት።

ወይኒት ጥቁሯን እንደ ለበሰች ተከትላው ሄደች። ማጣሪያው ወፍራም ብርድ ልብስ ነበር፤ የዓመት ብናኝ ተጋግሮበታል።

«ይህን አራግፋችሁት ታውቃላችሁ?»

«ለምን ይራገፋል?» ሲል ዝንጀሮ ሳቀ። «ብናኙ ራሱ ብናኝ ይይዛል። በቆሸሸ ቁጥር ይጎብዛል።»

«እሱ ሲጎብዝ ባሌ ደከመ። ሦስት ቀን ስጠኝና ሌላ ልምረጥ።»

«ይሁን። ወፎቹ ቢያስላቸው ግን ብርድ ልብሱ ይመለሳል።»

በመጀመሪያው ቀን ብርድ ልብሱን አራግፋ ሰቀለችው። «እኔ ብናኝ አላሳልፍም» ሲል ፎከረ። «ትንፋሽም አላሳልፍም።» እውነቱን ነበር። ወፎቹ አልሳሉም፤ ቦቃ ግን ቀትር ሳይሆን አረፋ ደፈቀ፤ አምስት ነዶ ሣር በልቶም መዘውሩን መግፋት አቃተው። ወይኒት ፈታችው።

በሁለተኛው ቀን ወንፊት ሰቀለች። «እኔ ማንንም አላደክም» አለ ወንፊት። «ግቡ እላለሁ፣ ውጡ እላለሁ።» ቦቃ እያፏጨ ዋለ፤ ሁለት ነዶ በቃው። ወፎቹ ግን ሲስሉ ዋሉ።

ሸማኔዋ ወፍ ዋኔ «ለበሬው አዝነሽ እኛን ልትፈጂን ነው?» አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ከጥግ ስስ ድምፅ ተሰማ። ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ስስ ጨርቅ ነበር። «እስኪ እኔን ሞክሪኝ» አለ።

«አንተን? መሀረብ ነህ እኮ» አለ ዝንጀሮ።

ወይኒት ጨርቁን አየር በሚገባበት መስኮት ላይ ወጥራ ሰቀለችው። ብናኙን ያዘ፤ መዘውሩ ግን ከበደ። «አየሩ ሁሉ በዚህች ጠባብ ቦታ ሲጋፋብኝ ታፈንኩ» አለ ጨርቁ።

ወይኒት አቀርቅራ ቀሚሷን አየች። ሽንሽን ነው። ወገቧን አንዴ ይዞራል፤ ሽንሽኑ ሲፈታ ግን ስንት ክንድ ይወጣዋል። ከዚያው ጨርቅ ስድስት እጥፍ አስመጣች፤ ሸንሽና ሸንሽና በዚያችው መስኮት ከተተችው።

«አሁን ገና ተነፈስኩ» አለ ጨርቁ። «አየሩ ብዙ መግቢያ አገኘ።»

መዘውሩ ቀለለ። ቦቃ እስኪመሽ ዞረ፤ ሦስት ነዶ በላ፤ አንድም ወፍ አልሳለም።

«እመት ወይኒት» አለ ቦቃ፣ «የተረፈውን ሣር ለጥጆቼ ልውሰደው ወይስ አለቃው ይበላዋል?» ወፎቹ ሳቁ። ወይኒትም ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ዝንጀሮ ግን አልሳቀም። ወይኒት ቀረበችው።

«ዳልቻ ከበደኝ ብሎህ ያውቃል?»

ዝንጀሮ ዞሮ ብርድ ልብሱን አየ። «ብሎኝ ነበር። ስንፍና መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያው ይህ ሽንሽን በየሳምንቱ ይራገፍ፤ ሲያረጅም ይቀየር። ቦቃ ከበደኝ ያለ ቀን መጀመሪያ ማጣሪያውን እይ።»

«አያለሁ» አለ ዝንጀሮ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አዳራሽ መዘውር ላይ የወደቀ በሬ የለም።

የአየር ማጣሪያ የምትመርጡ ሁሉ፣ የያዘውን ብናኝ ብቻ አትዩ፤ አየሩን ለመሳብ የሚያስከፍለውንም ጉልበት እዩ። ይህን ተረት ያነበባችሁም ለዳልቻ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር በሉልኝ።