የበርበሬ ነጋዴዋ ባል

ምላሷ ከምትሸጠው በርበሬ የማያንስ አንዲት ነጋዴ በቪዛ የመጣ የውጭ አገር ሰው አገባች። የጎጆ መውጫ መሬት ብትጠይቅ፣ የወረዳው ሹም «ባልሽ ባዕድ ነው፤ አንቆጥረውም» ብሎ ከለከላት። የግብር ወቅት ሲደርስ ግን ያው ሹም አስጠራት።

«ከባልሽ ጋር በአንድ ትገብሪያለሽ ወይስ ለየብቻ? በአንድ ካልሽ፣ ባገሩ ያለው ሀብቱ ሁሉ ይገበርበታል። ለየብቻ ካልሽ ደግሞ ተፋታችኋል ማለት ነውና ቪዛውን እሰርዛለሁ» አላት፣ ጢሙን እያሻሸ።

ነጋዴዋ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«በአንድ ይሁን፣ ጌታዬ። መሬት ስጠይቅ ባዕድ ያሉትን ሰው ዛሬ ባል አድርገው ዳሩልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ! እንግዲህ የሙሽራው አባት እርስዎ ነዎት። ታዲያ ጥሎሽ ሳያመጡ ሠርግ የት አገር ነው? ወርቁም ቀሚሱም ይቅርብኝ፤ ያችን መሬት ብቻ ይዘው ይምጡ።»